ከኮምቦልቻ ላሊበላ፦ 127 ኪሎ ሜትር የአየር ርቀት፣ አንድ ሙሉ ቀን ጉዞ

የገና በዓል ሲቃረብ ደሴ ለምንኖር ሰዎች በየዓመቱ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ አለ። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ወሎ ውስጥ በኮምቦልቻና በላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ እንዳለ ያውቅና ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ይጠይቃል። የዘንድሮው ጠያቂ የአክስቴ ልጅ ነበር። ስልኩን አውጥቶ ርቀት የሚያሰላ ድረ ገጽ ከፈተና «ጋሼ፣ 127 ኪሎ ሜትር ብቻ እኮ ነው፤ አርባ ደቂቃ ይላል» አለኝ። አክስቴ ከረከቦቱ አጠገብ ሆና «አብሽር ልጄ፤ እንዲያ ከሆነማ ተሳልመን ለምሳ እዚሁ እንደርሳለን» አለችና ሁላችንንም አሳቀችን። እሷ መንገዱን ስለምታውቅ ቀለደች፤ ልጇ ግን የምሩን ነበር። ስለዚህ ነገሩን በጽሑፍ ዘርዘር አድርጌ ማስረዳቱ ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ።

በመጀመሪያ ቁጥሩ ትክክል ነው። የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ 11.08 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና 39.71 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ሲገኝ፣ የላሊበላው ደግሞ 11.98 ዲግሪ ሰሜንና 38.98 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ይገኛል። በእኛ አካባቢ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 110.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ ግን ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር እየጠበበ ስለሚሄድ ወሎ ላይ 109 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ ላሊበላ ከኮምቦልቻ ወደ ሰሜን 99፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች፤ ስምንተኛ ክፍል የተማርነውን የፓይታጎረስን ሕግ ብንጠቀም በቀጥታ 127 ኪሎ ሜትር፣ በአብራሪዎች መለኪያ 69 የባሕር ማይል ገደማ ይመጣል። የምድር ክብነት ለዚህን ያህል አጭር ርቀት ለውጥ ስለማያመጣ ውስብስቡን ቀመር መጠቀም አያስፈልግም፤ አንድ ተማሪ በእርሳስና በወረቀት ሊያገኘው የሚችል መልስ ነው።

ጥያቄ የሚያስነሣው አርባ ደቂቃው ነው። ብዙዎቹ የርቀት ማስያዎች የበረራ ጊዜን የሚገምቱት ርቀቱን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚበር ትልቅ ጄት አካፍለው፣ ለመነሻና ለማረፊያ ብለው ግማሽ ሰዓት በመጨመር ነው። በዚህ ስሌት 127 ኪሎ ሜትሩ አሥር ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ይወስዳል፤ ቀሪው ሠላሳ ደቂቃ ማንኛውም በረራ የሚሰጠው ቋሚ ጭማሪ ነው። ማስያው በሁለቱ ቦታዎች መካከል የሚበር አውሮፕላን መኖር አለመኖሩን አያውቅም፤ ተራራ መኖሩንም፣ የሚበረው ጄት ይሁን ባለ ማራገቢያ አውሮፕላንም አይጠይቅም።

በኢትዮጵያ አየር መንገድ የአገር ውስጥ መስመሮች ላይ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምናየው ኪው400 የተባለው፣ ሰባ ገደማ መንገደኞችን የሚይዘው ባለ ሁለት ማራገቢያ አውሮፕላን ነው። አምራቹ በሰዓት እስከ 667 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ እንደሚችል ይናገራል። ይህ አውሮፕላን ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ላሊበላ ቢበር ምን ያህል ይፈጅበታል ብለን እናስብ። የኮምቦልቻ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,860 ሜትር ገደማ፣ የላሊበላው ደግሞ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው። በመካከል ያለው የደላንታ ደጋ 3,000 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከላሊበላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የቆመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ 4,200 ሜትርን ያልፋል። በተራራማ አካባቢ በመሣሪያ የሚመራ በረራ በአቅራቢያው ካለው ከፍተኛ መሬት ቢያንስ 600 ሜትር በላይ መሆን ስላለበት፣ አብራሪው ለጥንቃቄ ሲል ወደ 5,000 ሜትር ሊወጣ ይችላል። በደቂቃ 450 ሜትር እየወጣ ከሄደ ለመውጣት ሰባት ደቂቃ፣ በተመሳሳይ ልክ ለመውረድም ሌላ ሰባት ደቂቃ ያስፈልገዋል፤ በነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከ127ቱ ላይ ለአግድም በረራ የሚተርፈው ሃያ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው ማለት ነው። አስተናጋጆቹ ውኃ ለማደል ሳይነሡ አውሮፕላኑ መውረድ ይጀምራል፤ 667 ኪሎ ሜትር የተባለው ፍጥነት ላይ ለመድረስ ፋታ አያገኝም። ለማረፍ መዞሩንና መሬት ላይ ማኮብኮቡን ስንጨምርበት በሩ ከተዘጋበት እስኪከፈት ድረስ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ያህል ይሆናል። ማስያው የሰጠው አርባ ደቂቃ ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ግን ወደዚያ የደረሰው በሌላ አውሮፕላንና በሌላ ምክንያት ነው።

ደጋ ላይ ስለ ማረፍ ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። 1,900 ሜትር ላይ ያለው አየር ባሕር ወለል ላይ ካለው አሥራ ሰባት በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉ ተመሳሳይ ክብደት ለመሸከም ይበልጥ ፈጥኖ መሄድ አለበት፤ ስለዚህ አንድ አውሮፕላን ኮምቦልቻ ወይም ላሊበላ ሲያርፍ ጎማው መሬት የሚነካው ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ ማረፊያ አሥር በመቶ ገደማ በበለጠ ፍጥነት ነው። የሚያስፈልገው የማኮብኮቢያ ርዝመትም በዚያው ይጨምራል። የላሊበላ ማረፊያ አስፋልት ከመልበሱ በፊት ደግሞ በክረምት አውሮፕላን የማይወርድበት ስለነበር፣ በዚያ ዘመን በሐምሌና በነሐሴ ይህን የበረራ ጊዜ መቁጠር ትርጉም አልነበረውም።

ቀጥታው መስመር የሚያልፍበትን አገር በካርታ ስንከተለው፣ ደሴን በስተ ግራ ትቶ በኩታበር አጠገብ ያልፍና በበሽሎ ሸለቆ ላይኛው ክፍል በኩል ወደ ደላንታ ይሻገራል፤ ወገል ጤናን በስተ ግራ አድርጎ፣ በጅጣ ሸለቆ በኩል ወደ ዋድላ አቅጣጫ ካመራ በኋላ የላሊበላ ማረፊያ ወዳለበት ወደ ሹምሽሃ ሜዳ ይወርዳል። ከመስኮት ለሚያይ ሰው የሩብ ሰዓት እይታ ነው፤ በእግር ለሄደበት ግን ሌላ ነገር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ጅጣንና በሽሎን ለማሻገር ገደሉን እያስናዱና መንገድ እያስቀየሱ መሄድ ነበረባቸው። በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ተነሥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያለውን የአየር ርቀት በላይኛው መንገድ ብናሰላው 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሽ ዓመት የፈጀው ግን ርቀቱ ሳይሆን ሁለቱ ሸለቆዎች ናቸው። ከኋላቸው የመጣው የእንግሊዝ ጦርም ጅጣን የወረደው ንጉሡ ባስጠረጉት በዚያው መንገድ ነበር። የወሎን መሬት በኪሎ ሜትር ብቻ ለመለካት የሚሞክር ሰው ይህን ታሪክ ቢያስብ ይበጀዋል።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ «ቢበር» በሚል መነሻ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ላሊበላ መደበኛ የቀጥታ በረራ የለም፤ ሁለቱም ማረፊያዎች የሚገናኙት በአዲስ አበባ በኩል ነው። ይህ ስሌቱን ከሥሩ ይለውጠዋል። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በአየር 253 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ላሊበላ ደግሞ 332 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ድምሩ 585 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የቀጥታው ርቀት አራት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። ወደ ሰሜን መሄድ የፈለገ መንገደኛ በመጀመሪያ ወደ ደቡብ ተመልሶ ሸዋን ያቋርጣል፤ ከዚያ ወደ ተነሣበት ኬክሮስ ለመድረስ ብቻ ያንኑ ያህል እንደገና ይበራል።

እያንዳንዱ በረራ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል እንበል። የአገር ውስጥ መንገደኛ ከበረራው ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ እንዲደርስ ይመከራል፤ ከደሴ ከተማ እስከ ኮምቦልቻ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ የሐረጎን ቁልቁለት ስለሚወርድ፣ በተለይ ጉም በወረደበት ማለዳ ሰዓት ይበላል። የላሊበላ ማረፊያም ከከተማው ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ከሹምሽሃ ሜዳ ተነሥቶ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ከተማ የሚወስደው ጠመዝማዛ ዳገት ነው። ልብ በሉ፤ ከቤት እስከ ማረፊያና ከማረፊያ እስከ ከተማ ያለው የመኪና መንገድ ብቻ ሲደመር የአየሩን ርቀት ሲሶ በላይ ይሆናል፤ ማስያው ግን ይህን ጨርሶ አይቆጥረውም። የሁለቱ በረራዎች ሰዓት ከተገጣጠመ ከደሴ ማለዳ የወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ላሊበላ ሊገባ ይችላል። ካልተገጣጠመ ደግሞ አዲስ አበባ ማደር አለ፤ ከወሎ ወደ ወሎ ለመሄድ ሸዋ ላይ የሆቴል አልጋ መክፈል ይመጣል ማለት ነው። እኔ ይህን ለእንግዳ ሳስረዳ ሁልጊዜ አፍራለሁ፤ ምክንያቱን ባውቅም።

ከውጭ ለመጣ ሰው በሰዓት አቆጣጠር ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትኬት ላይ የሚታተመው ሰዓት እኩለ ሌሊትን ዜሮ ብሎ የሚጀምረው ነው፤ 7 ሰዓት የሚለው በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ 13 ሰዓት የሚለው ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ከደሴ የሚወስደውን ባለ መኪና በስልክ ሲያነጋግሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተነጋገሩ ማረጋገጥ ይገባል፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት ከበረራው ጊዜ በብዙ እጥፍ ይበልጣልና።

በመኪና የሚሄድ ሰው ከኮምቦልቻ በደሴ፣ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ በኩል ወልድያ ይደርሳል። ከወልድያ ድልብን ወጥቶ፣ ቻይናውያን በሠሩት ወደ ወረታ በሚዘልቀው መንገድ እስከ ጋሸና ይጓዝና ከጋሸና ወደ ሰሜን ታጥፎ ወደ ላሊበላ ይወርዳል። ጠቅላላው ከ300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በሚኒባስ ወይም በቅጥቅጥ ለሚሄድ ሰው ወልድያ ላይ፣ አንዳንዴም ጋሸና ላይ መኪና መቀየር ስለሚኖር ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ መናኸሪያ ማልዶ ያልተገኘ ሰው ወልድያ ማደሩ አይቀርም። ከወልድያ በኩልመስክ በኩል የሚያቋርጥ መንገድም አለ፤ ርቀቱ ያጥራል፤ ለተሳፋሪ ግን የተለመደው የጋሸናው ነው። እንግዲህ የመንገዱ ርዝመት በአዲስ አበባ በኩል ካለው የአየር መንገድ በግማሽ ገደማ ያንሳል፤ የሚፈጀው ጊዜ ግን ተቀራራቢ ነው።

ታዲያ ቀጥታ በረራ ለምን አይኖርም የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ከእኛ በጣም ርቀው፣ በሰሜን አውሮፓ ጫፍ የሚኖሩ ሰዎች ከዚህ ያነሰ ርቀት በአውሮፕላን ይሄዳሉ። በስኮትላንድ ሰሜን በኦርክኒ ደሴቶች፣ ዌስትሬይና ፓፓ ዌስትሬይ በተባሉት ሁለት ደሴቶች መካከል ያለው መደበኛ በረራ 2.7 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ በዓለም አጭሩ መደበኛ በረራ እርሱ ነው። በሰሜን ኖርዌይም ቫርዶና ቫድሶን የመሳሰሉ ትናንሽ የባሕር ዳር ከተሞች 800 ሜትር ገደማ ርዝመት ላላቸው ማኮብኮቢያዎች የሚመች፣ የኪው400 ቀዳሚ በሆነ አነስተኛ ዳሽ 8 ለረጅም ዘመን ሲገናኙ ኖረዋል። እዚያ ግን በረራው የሚቆመው በትኬት ሽያጭ ብቻ አይደለም፤ መንግሥት መስመሮቹን በጨረታ ለአየር መንገዶች ይሰጥና ጉድለቱን ከግምጃ ቤቱ ይከፍላል። ባሕርና በረዶ መንገዱን ስለሚዘጋቸው አውሮፕላኑ ለሕክምናና ለደብዳቤ ጭምር የግድ ሆኗል።

በእኛ በኩል ሂሳቡ ሌላ ነው። አውሮፕላን የሚያረጀው በተጓዘበት ርቀት ብቻ ሳይሆን በተነሣበትና ባረፈበት ቁጥርም ነው። የጎማው፣ የእግሩና የሞተሩ ጥገና የሚታቀደው በአብዛኛው በዚህ ቆጠራ ስለሆነ፣ የ127 ኪሎ ሜትር በረራም እንደ 500 ኪሎ ሜትሩ አንድ መነሣትና አንድ ማረፍ ይበላል፤ የሚያስገኘው ገንዘብ ግን ያንኑ ያህል አይሆንም። ከዚህም በላይ ከኮምቦልቻ የሚሳፈረው ሰው አብዛኛው ነጋዴ፣ ሠራተኛ፣ ታካሚና የውጭ አገር በረራ የሚይዝ መንገደኛ ሲሆን፣ የሚሄደውም ወደ አዲስ አበባ ነው። ላሊበላ የሚወርደው ደግሞ በአብዛኛው ጎብኚ ነው፤ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ወይም ከሌሎች የጉብኝት ከተሞች ነው። በሁለቱ መካከል በየቀኑ ሰባ መቀመጫ የሚሞላ ሕዝብ የለም። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሁለቱም ከተሞች በደረሰ ጊዜ ያሉት በረራዎችም ተቋርጠው ነበርና፣ በዚያ ላይ አዲስ መስመር መጠየቅ ለጊዜው ቅንጦት ሊመስል ይችላል።

እኔ በበኩሌ የዓመት ሙሉ መስመር አልጠይቅም። ለገናና ለጥምቀት ሰሞን ግን፣ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ወደ ላሊበላ በሚጎርፍበት ወቅት፣ አሥራ ዘጠኝ መቀመጫ ባለው ትንሽ አውሮፕላን ጥቂት ቀናት የሚሠራ በረራ ቢኖር የሚሳፈር አይጠፋም ብዬ አምናለሁ። አየር መንገዱ ቀድሞ ትዊን ኦተር የተባሉትን እንዲህ ያሉ ትናንሽ አውሮፕላኖች በአገር ውስጥ ያበር ነበር፤ ነገሩ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ሆኖም ገንዘቡ አንድ ብቻ ከሆነና ምረጥ ብባል ከበረራው ይልቅ መንገዱን እመርጣለሁ፤ የወልድያና የላሊበላ አጭሩ መንገድ ለተሳፋሪ አመቺ ቢሆን በዓል ተሳላሚውንም፣ እህል ጫኙንም፣ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል የሚሄደውን ታካሚም በአንድ ጊዜ ይጠቅማልና።

ለአክስቴ ልጅ የነገርሁትም ይህንኑ ነው። የመመለሻ በረራው ከአዲስ አበባ ስለሆነ፣ ሲሄድ ከእናቱ ጋር በመኪና ሄዶ ወልድያ እንዲያድርና በማግስቱ በጋሸና በኩል እንዲገባ፣ ሲመለስ ደግሞ ከላሊበላ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ እንዲበር፣ ትኬቱንም ከበዓሉ በፊት ቀደም ብሎ እንዲቆርጥ መከርሁት። አክስቴ ለመመለሻው ጉዞ ሌላ ጓደኛ እስክታገኝ ድረስ ጥቂት አጉረመረመች፤ በኋላ የሰፈሯ ሰዎች አብረው እንደሚሄዱ ሰማችና ተስማማች።